ሽኩርቴ የምትባል ልጅ ነበረችው

እኔ ዜነል እባላለሁ። ከመንደራችን ከቭሬሽታ ወደ ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጨሁም። የሰው ድንበር አልገፋሁም፣ ቁማር አልቀመስኩም፣ ራኪ የምንለውን የወይን አረቄም ቢሆን በልክ ነው የምጠጣው፤ ልኩን ሚስቴ ናዲሬ አታውቀውም እንጂ። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። ጎረቤቴን ሽኩርቴን ከአባቷ ቤት ሊያስወጣት የነበረው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሌባና ወንበዴ ብቻ የሚያደርገው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

በእኛ በኮሶቮ መንደሮች ወንድ ሲጠበቅ ሴት ከመጣች አንዳንዴ ሽኩርቴ ይሏታል፤ የሴቱ ነገር እዚህ ላይ ይጠር፣ ይብቃ እንደማለት ነው። ከሷ በፊት ሁለት ሴቶች ተወልደው በጨቅላነታቸው ሞተዋል። አባቷ ሻቺር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ግን ያወጣው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሟ ሃሊት ሲወለድ “ስሙ ሠራ” ተባለና መንደሩ ሦስት ቀን በላ፣ ጠጣ። የዚያን ቀን የበላሁት የበግ ጥብስ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሽኩርቴ ስትወለድ ምን እንደተበላ አላስታውስም፤ የተበላም አይመስለኝም።

ስምንተኛ ክፍልን የመንደሩን ልጆች ሁሉ በልጣ ጨረሰች። መምህሯ ቤት ድረስ መጥቶ ከተማ ሄዳ ትቀጥል ብሎ ሻቺርን ለመነው። ሻቺር በአውቶቡስ ከወንድ ጋር ስትጋፋ ማየት አልፈልግም አለ። አውቶቡሱን የምነዳው እኮ እኔ ነኝ። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ ላመላልሳት እችል ነበር። ግን እኔን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት እናቷ በአንድ ጎናቸው ሽባ ሆኑ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥቶላት ነበር፤ አንደኛው የፕሪዝረን ሰው፣ አናጢ፣ መልከ መልካም። ሻቺር “እናቷ ትንሽ ይሻላቸውና” እያለ መለሳቸው። እናትየው ሳይሻላቸው አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ። ሽኩርቴ ማገላበጡን፣ ማጠቡን፣ ማጉረሱን ያዘች። ሃሊት ጀርመን ገባ፣ የሻቺርም ጉልበት ከዳው፤ ስለዚህ ወይኑንም እሷው ያዘችው። በየካቲት ትገርዘዋለች፣ በመጋቢት በአኻያ ልምጭ ታስረዋለች፣ ከዚያ ሰማያዊውን መድኃኒት በጀርባዋ አዝላ ትረጫለች። መስከረም ላይ ለለቀማ ሴቶች ስትጠራ አንድም ቀርታባት አታውቅም፣ ምሳዋ ጥሩ ነዋ።

በጦርነቱ ጊዜ መንደሩን ጥለን ስንወጣ እናቷን ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ደራርባ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እስከ ድንበር ገፋቻቸው። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ሲጠመዘዝ ዳገቱን ሽቅብ ጋሪውን ከነእናቷ ልትሸከም ደረሰች፤ ያኔ ነው ሄጄ ያገዝኳት። ስንመለስ ቤታቸው ግድግዳው ብቻ ቆሞ ነበር። አሸዋውን ያቦካችው፣ ጡቡን ያቀበለችው እሷ ናት። አካፋው የእኔ ነበር።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። መናገሩ ባይጥመኝም።

ሻቺር የሞተ በስምንተኛው ቀን ሃሊት ከሥራ የወሰደው ፈቃድ ሊያልቅበት ስለሆነ በጠዋት መጣና ለወራሽነት ማረጋገጫ ሁለት ምስክር ያስፈልገኛል አለኝ። ደሙሽ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ነፍሱን ይማረውና እሱ ሁለተኛው ሆነ። ሦስታችን ከተማ ሄድን። ወረቀቱ “የሟች ሻቺር ብቸኛ ልጅና ወራሽ ሃሊት መሆኑን እናውቃለን” ይላል። አላነበብኩትም ብዬ አልዋሽም፤ መነጽሬን አድርጌ አንብቤዋለሁ። ምንም አልጎረበጠኝም። በእኛ ዘንድ ልጅ ስንት ነው ሲባል የሚቆጠረው ወንዱ ነው፤ ሴቷ የሰው ቤት ናት፣ ባታገባም የሰው ቤት ናት። ፈረምን፣ ተጨባበጥን።

ሽኩርቴ በዚያ ሰዓት ለለቅሶ እንግዳ የሚቀርበውን ፍሊ ትጋግር ነበር። ፍሊ ማለት በስሱ አንድ ድርብ እያፈሰሱ፣ በጋለ ክዳን እያበሰሉ፣ ሌላ ድርብ እየጨመሩ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው። ደርሰን ገባን፣ ተቀመጥን፣ በላን። “ጋሽ ዜነል ደክሞዎታል፣ ይድገሙ እንጂ” አለችኝ፣ እኔም ደገምኩ። ወረቀቱ ሃሊት ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ፍሊ አሁንም አልወረደልኝም።

ሃሊት ክረምት ክረምት ከጀርመን ከስቱትጋርት ሲመጣ ለእህቱ ሹራብ፣ ለኔ የልብ መድኃኒት ያመጣል። ልቤን የታከምኩ ጊዜ እዚህ የሌለውን ኪኒን በየሦስት ወሩ የላከልኝ እሱ ነው። ይህንንም ልናገር፤ ሰውየው ጭራቅ አይደለም። ሻቺር በሞተ በአሥራ አንደኛው ዓመት ሐምሌ ግን ሜትር የያዘ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው መሬቱን ገዝቶ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ቤቱ ድረስ የሠርግ አዳራሽ ሊሠራ ነው፤ መኪና ማቆሚያው የት እንደሚሆን፣ ሙሽራዋ በየት በኩል እንደምትገባ ሳይቀር ያሳያል። ሙሽራዋ የምትገባው በሽኩርቴ ወጥ ቤት በኩል ነው።

ሃሊት እህቱን አስቀምጦ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል እከራይልሻለሁ፣ ማሞቂያ አለው፣ ገበያው ቅርብ ነው፣ ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜሽ መድኃኒት ተሸክመሽ ምን ልትሆኚ አላት። ወይኑ እንደተለቀመ ሽያጩ ይፈረማል። እሷም “እሺ” አለችው። ምን ትበል? በእኛ አገር ድርሻዬን ያለች እህት ወንድም የላትም። በሩ ይዘጋባታል፣ ብትሞት የሚያስቀብራት አይመጣም፣ ሰው ሁሉ “ወንድሟን የከሰሰች” እያለ በጣት ያሳያታል። ባልም ልጅም የሌላት ሴት ወንድሟን አጥታ ምን ይቀራታል?

በነሐሴ አንድ ቀን አንድ ነገር ለመለመን ከተማ ወረደች። ለሃሊት ወጉን ጠብቆ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ፈልጋ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቢታገሳት፣ በርበሬዋን ኮምጣጤ ውስጥ ከትታ፣ ራኪዋን አውጥታ፣ ከዚያ ትወጣለች። በአፏ ልትነግረው አፈረች። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ ከመተላለፊያው ጫፍ “ነፃ የሕግ ድጋፍ” ተብሎ የተጻፈበትን በር አሳያት፤ እዚያ ይጽፉልሻል፣ ነፃ ነው አላት። በሰፈራችን ነፃ ኮምጣጤ ከማር ይጣፍጣል እንላለን፤ ግን ነፃ ጠበቃን ማንም አያምንም።

ውስጥ የነበረችው ይልካ የምትባል ወጣት ጠበቃ ናት። ሽኩርቴ በኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ ጉንፋን ይዟት በነሐሴ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ደረጃ ስር የተወሸቀች ቢሮ፣ አንድ ጠረጴዛ። ሽኩርቴ ደብዳቤዬን ጻፊልኝ አለቻት። ይልካ ደግሞ ቤቱ በማን ስም ነው፣ አባትሽ መቼ ሞቱ፣ ወራሽ የተባለው ማን ነው እያለች ጠየቀቻት፤ ከዚያ ደረጃውን ወጥታ የወረቀቱን ቅጂ ይዛ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“እዚህ ወረቀት ላይ እርስዎ የሉም” አለቻት።

“ሴት ስለሆንኩ ነዋ” አለች ሽኩርቴ።

“ሕጉ እኮ ወንድና ሴት ብሎ አይለይም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ።”

ሽኩርቴ ያን ጊዜ ተነስታ ልትወጣ ነበር። አፈርኩ አለችኝ፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የማላውቀውን ነገር የልጅ ልጄ የምታህል ልጅ ስትነግረኝ አፈርኩ። ይልካ ግን አላስቸኮለቻትም። ሻይ አፈላችላት፤ ክስ ካልፈለጉ ደብዳቤውን ዛሬውኑ እጽፍልዎታለሁ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው አለቻት። ድርሻዎን ከፈለጉም እኔ እቆምልዎታለሁ፣ ለኔም ለፍርድ ቤቱም ምንም አይከፍሉም፤ ለዚህ የሚያበቃዎ የድህነት ማረጋገጫ ብቻ ነው አለቻት። ሽኩርቴ ሻይዋን ጨርሳ ስሟ የሌለበትን ወረቀት እያገላበጠች አየችው። ከዚያ “ድሀ መሆኔን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው የሚቸግርሽ? እሱን ለማምጣት ሩቅ አልሄድም” አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ይልካ በመጀመሪያ ሽያጩን በፍርድ ቤት አሳገደች። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ማሳየት ነበረባት። ጊዜው ሄዷል፣ አሥራ አንድ ዓመት። ሃሊት እህት እንዳለው እያወቀ ሆን ብሎ ካስቀራት ጉዳዩ አልረፈደም፤ ወረቀቱ በቅንነት በስህተት የተሠራ ነው ከተባለ ግን ረፍዷል። ሃሊት የያዘው ጠበቃ ሽኩርቴ በቃሏ ድርሻዋን ትታለች፣ ምስክሮቹም ያውቃሉ ብሎ መልስ ሰጠ። ደሙሽ ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች ቤቴ መጡ። ይልካ በጭቃ የተለወሰ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ገና ከአጀማመሯ የመጡበት ስለገባኝ ደሜ ፈላ። ልጄ፣ ያንቺ የትምህርት ቤት ነገር እዚህ አይሠራም፣ የወንድምና የእህት መሀል ገብቶ የተመሰገነ ሰው አላየሁም አልኳት። ናዲሬ ከወጥ ቤት ሆና ስታጉረመርም ይሰማኛል።

ይልካ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። “እኔ አሁን ነው የገባሁት ጋሼ” አለችኝ። “እርስዎ የገቡት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።”

ሽኩርቴ የቀሚሷን ጫፍ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆይታ ቀና አለች።

“ጋሽ ዜነል፣ ሃሊትን ክፉ ይበሉልኝ አላልኩም” አለች። “መወለዴን ብቻ ይናገሩልኝ።”

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ናዲሬ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። “አንተ ሰውዬ፣ ስትወለድ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እምብርቷ ሲቆረጥ መብራት ይዣለሁ። የምታስበው ምኑን ነው?” አለችኝ። እኔ የማስበው ሃሊት የላከልኝን ኪኒን ነበር። እኔ የማስበው ሻይ ቤት ነበር፤ ዜነል ሽማግሌነቱን ጥሎ የፈረመውን በላ ሲሉኝ። የማስበው ውሸታም መባሌን ነበር፣ ስለ ሽኩርቴ ማሰብ የጀመርኩት መጨረሻ ላይ ነው። አፍሬ ነው የምናገረው።

በዚያው ሳምንት ሃሊት ከጀርመን ደወለ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት። እንደ ወትሮው ጤናዬን ጠየቀ፣ መድኃኒቱ አለቀ ወይ አለ። ከዚያ “ጋሽ ዜነል፣ አዲስ ነገር እንዲናገሩ አልጠይቅዎትም፤ ያኔ ያሉትን መድገም ብቻ ነው። አባቴ አንድ ልጅ ነው የነበረው፣ በቃ” አለኝ። እሱ ይህን ሲለኝ ከአጥሩ ማዶ ሽኩርቴ መሰላል ላይ ወጥታ በቅጠል የተደፈነውን የአባቷን ቤት አሸንዳ በእጇ ትጠርጋለች። የረገፈ ቅጠል እያፈሰች ወደ ታች ትጥላለች። አንድ ልጅ ነው የነበረው የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ፣ ሴትዮዋ ዓይኔ ላይ። እኔም ሃሊት ሆይ፣ አሁን ማዶ የማያት ሴት እንግዲህ የማን ልጅ ናት አልኩት። ሰላም እንኳ ሳንባባል ስልኩን ዘጋን።

ለፍርድ ቤቱ ቀን ሁለተኛዋ ልጄ ፊቶሬ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የደም ግፊቴን ለክታ፣ ከረባቴን አስተካክላ፣ “አባዬ፣ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ፣ የአውቶቡስ ታሪክ አትጀምር” ብላ አስገባችኝ። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽኩርቴ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ከይልካ አጠገብ፤ ሃሊት በማዶ፣ በሙሉ ልብስ። ወንድምና እህት አንዳቸው ሌላቸውን አያዩም።

ዳኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። አስማሉኝና መዝገብ ላይ ለማስፈር ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን ጠየቁ። መለስኩ። ባለትዳር ነህ አሉ፣ አዎ አልኩ።

“ልጆች?”

“አንድ” አልኩ።

ጸሐፊዋ ጻፈች። ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እንዲያው ይልካ ብዕሯን ስታስቀምጥ አየሁ፣ ሽኩርቴ ደግሞ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ያልኩት ነገር ተመልሶ የመጣብኝ። በጠዋት ተነስታ የደም ግፊቴን የለካችልኝ፣ ከረባቴን ያስተካከለችልኝ ልጅ ከጀርባዬ ተቀምጣ፣ እኔ አንድ ልጅ አለኝ እላለሁ። አንዱ ስዊዘርላንድ ያለው ወንዱ ነው፤ ከደወለ ሁለት ወሩ ነው።



“ክቡር ዳኛ፣ ያጥፉልኝ” አልኩ። “አራት ናቸው። ሹክሪዬ፣ ፊቶሬ፣ ሰቬሜ፣ ከነሱ በኋላ አግሮን።”

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ሦስት ልጅ እንዴት ይረሳል አሉኝ።

“አልረሳሁም። እዚህ ከኋላዬ ያለችው ፊቶሬ ናት። ስንት ልጅ አለህ ሲሉኝ ዕድሜዬን ሙሉ የምመልሰው እንዲህ ነው። ያን ወረቀትም የፈረምኩት እንዲሁ ነው። ሽኩርቴን ስለማላውቃት አይደለም፤ በየቀኑ አያታለሁ። አውቃት ነበር፣ አልቆጠርኳትም።”

የሃሊት ጠበቃ ብድግ ብሎ የራሱን ልጆች መቁጠር ያቃተው ሰው ምስክርነት ምን ይታመናል አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ዳኛው ግን እጃቸውን አንስተው አስቀመጡትና ወደኔ ዞሩ። ሟች ሻቺር ስንት ልጆች ነበሯቸው አሉ።

“ሁለት። ሽኩርቴ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ትልቋ እሷ ናት። ከዚያ ሃሊት” አልኩ። “ድርሻዬን ትቻለሁ ስትል አልሰማሁም። የጠየቃትም የለም። እኛ ስንፈርም እሷ ለኛ ምሳ ትሠራ ነበር።”

ቀጥሎ ዳኛው ሃሊትን አስነሱት። ወረቀቱ ሲሠራ እህት እንዳለህ ታውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ጠበቃው ክንዱን ሊይዘው ሞከረ። ሃሊት ወደ ሽኩርቴ አየ። የአምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፣ ፊቱ ግን ድሮ በእሷ እጅ ተይዞ ወንዙን ሲሻገር አየው የነበረውን ሕፃን መሰለኝ። “አውቅ ነበር” አለ። “ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንዴት አላውቅም?” ይልካ ይህን ቃል ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። ሲመጣ ግን አልፈገገችም፤ ለሽኩርቴ መሐረብ አቀበለቻት።

ስንመለስ ፊቶሬ ዝናብ ውስጥ ትነዳለች። መጥረጊያው መስታወቱን ይጠርጋል፣ እኔ እጄ ላይ አፈጥጣለሁ። በመጨረሻ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። “ለማንኛውም በቅደም ተከተል ጠርተኸናል” አለች፣ “የሰቬሜን ስም ድሮ ታሳስት ነበር።” ከዚያ ሳቋ መጣ፣ የኔ ደግሞ እንባዬ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እስከ ቤት አልተገደበም።

ፍርዱ በጥር ወጣ። ሽኩርቴ ከወንድሟ ጋር እኩል ወራሽ ናት፣ ግማሹ የሷ ነው። ይልካ ወረቀቱን ይዛ ራሷ መጣች፤ በፖስታ ላኪው የሚላት የለም መሰለኝ። ሽኩርቴ ስሟ ያለበትን መስመር በጣቷ እየነካች አነበበችው። “የአባቴ ስም አጠገብ ጻፉኝ” ነው ያለችው። ከዚያ ይልካ ሁለቱን አስማምታ አከፋፈለቻቸው። ሃሊት የመንገድ ዳሩን መሬትና የላይኛውን ወይን ወሰደ፤ ቤቱና የታችኛው ወይን የሽኩርቴ ሆኑ። ሠርግ አዳራሹ መንገድ ዳር እየተሠራ ነው፤ ሙሽራዋ ሌላ በር ተፈልጎላታል።

ሻይ ቤት ለአንድ ወር ያህል አላስቀመጡኝም። ስገባ አንዱ “ልጆችህን ቆጥረህ መጣህ?” ይለኛል፣ ሌላው “አራት ወንበር አምጡለት” ይላል። ይበሉ። ከነዚያው ቀልደኞች የአንዱ እህት ሚያዝያ ሳይገባ በይልካ በር ስትገባ ታይታለች፤ የሌላው የወንድም ሚስት ደግሞ ከኋላዋ። እኔ እንኳ ሄጄ የኔ ቤትና መሬት ለአራቱም እኩል ይሁን ብዬ ኑዛዜ አጻጽፌያለሁ። አግሮን በስልክ ትንሽ አኩርፏል፤ ይለቀዋል።

ሽኩርቴ ግን ደስታዋ አልሞላላትም። ሃሊት ከፍርዱ ወዲህ አልደወለም። ኢድ ሲሆን ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ናዲሬ ሄዳ አብራት ዋለች። ቤት አገኘሁ፣ ወንድሜን ግን ከፈልኩበት አለቻት ሽኩርቴ፤ እኔ ይህን ስሰማ ያን ሁሉ የተናገርኩት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ ተከዝኩ። ወይኑን ግን አልተወችም። በየካቲት ገረዘች፣ በመጋቢት አሰረች፤ ዘንድሮ አንድ ረድፍ አዲስ ተክላለች። ተክሉ ሊያፈራ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ነገ ትወጫለሽ የተባለች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አትተክልም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሬን እየጠገንኩ ሳለ የጀርመን ታርጋ ያለው መኪና መጥቶ በሽኩርቴ በር ቆመ። ሃሊት ብቻውን ነው። ወትሮ መኪናውን እስከ ግቢው ውስጥ ይነዳና ጥሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን ውጭ አቁሞ ወረደ፣ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። እጁ ላይ አንድ ከረጢት አለ። ከዚያ አንኳኳ።

ሽኩርቴ በሩን ከፈተች። ዓይኗ እጁ ላይ ሄደ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ። “ከስተሃል” አለችው፤ “ግባ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ ምን ትቆማለህ።” እኔን አጥሩ ላይ ስታየኝ ደግሞ “ጋሽ ዜነል፣ እርስዎም ይምጡ” አለችኝ። መዶሻዬን ጥዬ ሄድኩ፤ እግሬን የሚጎትተኝ ሐፍረት ነው፣ የሚገፋኝ ደግሞ ጉጉት።

ከወይኑ ጥላ ስር ተቀመጥን። በርበሬ በኮምጣጤ፣ አይብ፣ ትኩስ ዳቦ አቀረበች። ሃሊት ለኔ ከከረጢቱ ኪኒኔን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። እኔም ዳቦ ቆረስኩለት። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ አዲሱ ረድፍ አወራን፤ ሃሊት ተነስቶ እያንዳንዱን ተክል እየነካ አየና “ጠጠር ያለበት ላይ ጥሩ ነው የያዘልሽ” አላት። የተባባሉት ይህንኑ ብቻ ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል የሰማ የለም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት ከስቱትጋርት፤ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል። ደረስክ ወይ፣ የት ነህ፣ ሆቴል ያዝክ ወይ ትለዋለች። ሽኩርቴ ሳህን ይዛ ወደ ቤት ልትገባ ደፉ ላይ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቆመች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ሃሊት በሩን አየ፣ አሸንዳውን አየ፣ ከዚያ እሷን።

“የለም፣ ሆቴል አልያዝኩም” አለ። “እህቴ ቤት ነኝ።”